ሦስት መስኮት ባንድ ቲኬት

«ማማው፣ አውቶቡሱ፣ ጀልባው! ሦስቱም ባንድ ቲኬት፣ ሦስቱም ባንድ ቀን!» ፓሪስ ለጎብኚ የምትሸጠው እንዲህ ተብላ ነው። በኤፌል ማማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ፎቶግራፍ መነሳት፣ ጣራው በተነሳ ባለፎቅ አውቶቡስ ከተማዋን መዞር፣ በሴን ወንዝ ላይ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል በጀልባ መንሸራሸር። ማታ ሰውየው ሆቴሉ ገብቶ ጫማውን እያወለቀ «ፓሪስን ጨረስኳት» ይላል። እኛም እዚህ ሆነን ፎቶግራፉን እየተቀባበልን «ታድሎ!» እንላለን።

ግን እንጠይቃለን፦ ምን አየ? ያላየውስ ምንድን ነው?

ጥያቄውን ያነሳነው በቅናት ነው የሚለን አይጠፋም። ይበል። ከመካከላችን ለአጭር ኮርስም ሆነ ለስብሰባ ፓሪስ ደርሶ የሚመለስ አለ፤ ነገም ይኖራል። ከዚህ ሁሉ ወንበር መሐል ደግሞ በቱሪዝም ተመርቆ ጎንደርንና ጣናን በዚሁ ዘዴ አስሮ የሚሸጥ ይነሳል። ስለዚህ ነገሩ የፈረንጅ ጣጣ ነው ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። (ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እስቲ ጥቅሉን እንፍታው። ማማው ከተማዋን ከላይ ያሳያል፤ አውቶቡሱ ከጎን፤ ጀልባው ከሥር። ያሰበው ብልጥ ነጋዴ ነው፤ ሰው አንድን ነገር ከሦስት አቅጣጫ ካየው ያወቀው ይመስለዋላ! ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከሦስቱ በአንዱም ላይ እግር መሬት አይነካም። ከማማው ላይ ሲታይ ሰው ጉንዳን ነው። ከአውቶቡሱ ላይ ሲታይ ውልብ ብሎ የሚያልፍ ጥላ ነው። ከጀልባው ላይ የሚታየው የድልድይ ሆድና የድንጋይ ግንብ ነው። ጆሮ ላይ የተሰካው ማዳመጫ አንዱን ሕንጻ ጠርቶ ሳይጨርስ ሌላው ሕንጻ ይደርሳል። ጥያቄ ቢኖርህ ማንን ትጠይቃለህ? የተቀዳውን ድምፅ?

ቲኬቱ ሦስቱን ሲያስር ጎብኚውንም አብሮ ያስራል። ለማማው የተቆረጠ ሰዓት አለ፤ ካለፈ አለፈ። አውቶቡሱ በመኪና ጭንቅንቅ ሲቆም የማማው ሰዓት ይሮጣል። በየፌርማታው ወርዶ፣ እንደልብ ተዘዋውሮ፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ መሳፈር ይቻላል ይባላል። አዎ፣ ይቻላል። ግን የማማ ሰዓትና የጀልባ ሰዓት ከፊቱ የተደቀነበት ሰው እንዴት አድርጎ ይወርዳል? የከፈለባት እንዳታመልጠው ተቀምጦ ይዞራል። እንደልብህ ውረድ ተብሎ የተሸጠለት ቲኬት ወንበሩ ላይ ይሰፋዋል።

ማማውን አንጠላም። የፈረንሳይ አብዮት 100ኛ ዓመት ሲከበር ለ1889ኙ የዓለም ኤግዚቢሽን የተሠራ፣ ከ18,000 በላይ የብረት ቁራጭ በ2.5 ሚሊዮን ሪቬት የተያያዘበት፣ በ2 ዓመት ከ2 ወር ከ5 ቀን የቆመ የሰው እጅ ሥራ ነው። ስሙ የጉስታቭ ኤፌል ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ንድፍ ያወጡት በድርጅቱ ተቀጥረው ይሠሩ የነበሩት መሐንዲሶች ሞሪስ ኬክለንና ኤሚል ኑጊዬ ናቸው። ብረቱን ሰማይ ላይ ተንጠልጥለው የገጣጠሙት ሠራተኞች ደግሞ በሴፕቴምበር 1888 ስለ ክፍያቸው አድማ መትተዋል። ሲያልቅ በመጀመሪያው ፎቅ ዙሪያ የ72 ሳይንቲስቶችና መሐንዲሶች ስም ተጻፈ። ከ72ቱ አንዲት ሴት አልነበረችም፤ የሚለመጥ አካልን ጠባይ በሒሳብ ያጠናችው ሶፊ ዠርሜን እንኳ ተዘለለች። በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ ከቅኝ ግዛት የመጡ አፍሪካውያን በተሠራላቸው «መንደር» ውስጥ ሆነው ለተመልካች ይታዩ ነበር። ነጻነት፣ እኩልነት፣ ወንድማማችነት እየተባለ በዓል ሲከበር ማለት ነው! እንግዲህ ማማውን ማየት ማለት ይህንን ሁሉ ማየት ነው። በሊፍት ሽቅብ ተወንጭፎ ፎቶግራፍ ተነስቶ መውረድ ግን ብረት ማየት ነው። ብረት ለማየትማ መርካቶ ምናለሽ ተራ መች አነሰን?

ወደ ጀልባው እንውረድ። «ባቶ ሙሽ» የሚባለው ጀልባ ከጥንት የጎብኚ አልነበረም። ሊዮን ከተማ ሙሽ በሚባለው ሠፈር ይሠራ ነበረና ስሙን ከዚያ አገኘ፤ በ1867ቱ ኤግዚቢሽን ጊዜ ወደ ፓሪስ የመጣውም ሰው ለማመላለስ ነው። የዚያ ዘመን የከተማ አውቶቡስ በሉት። ዛሬ የከተማው ሰው ወርዶ ጎብኚው ተሳፍሯል።

ይህ ጀልባ ኖትር ዳም ሲቃረብ ሳን ሚሼል በተባለው ድልድይ ሥር ያልፋል። ኦክቶበር 17 ቀን 1961 ማታ ፓሪስ ይኖሩ የነበሩ አልጄሪያውያን የተጣለባቸውን የሰዓት እላፊ ተቃውመው በሰላም አደባባይ ሲወጡ ፖሊስ ደበደባቸው፣ ተኮሰባቸው፤ ወደ ሴን የተወረወሩም ነበሩ። የፖሊሱ አዛዥ ሞሪስ ፓፖን ይባላል። ይኸው ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አይሁዶች ከቦርዶ ወደ ሞት ካምፕ ሲጋዙ ተባባሪ ነበር ተብሎ በ1998 ተፈርዶበታል። በ1961ዱ ግድያ ግን አንድም ቀን ለፍርድ ሳይቀርብ ሞተ። ድልድዩ አጠገብ ትንሽ የመታሰቢያ ሰሌዳ የተለጠፈችው ከ40 ዓመት በኋላ፣ በ2001 ነው። ሰሌዳዋ የተሠራችው በእግሩ መጥቶ ለሚቆም ሰው ነው። ጀልባው ግን አይቆምም። ሥዕል አንሺው ድልድዩን ያነሳል፤ «ያምራል!» ይላል፤ ያልፋል። አዎ፣ ያምራል። የሞቱት ደግሞ ከሥር ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ፤ ያንገበገበን ይኸኛው ነውና።

ከማማው በእግር አሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ በዚያው በሴን ዳር፣ ከረጅም የመስታወት ግንብ ኋላ በ2006 የተከፈተ ሙዚየም አለ። ኬ ብራንሊ ይሉታል። የሴን ጀልባ በፊቱ ያልፋል፤ ከማማው ላይ ቁልቁል ቢያዩ ጣራው ይታያል። እዚያ ውስጥ የጎንደር የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ይገኛሉ። የጎንደር! የኛው!

እንዴት ሄዱ? በ1931 የፈረንሳይ ፓርላማ ልዩ ሕግ አውጥቶ ገንዘብ የመደበለት፣ ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የጥናት ቡድን ከዳካር ተነስቶ አፍሪካን አቋርጦ ጅቡቲ ወጣ። ጉዞው እስከ 1933 ቆየ። በ1932 ቡድኑ ጎንደር ሰፍሮ ነበር። የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ጨርቅ ላይ ተሥለው ግድግዳ ላይ የተለጠፉ ናቸው። የቡድኑ ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ ቅጂ ሠራ፤ ቅጂው በቦታቸው ተተካ፤ ዋናዎቹ ተላጡና ተጭነው ሄዱ። ብዙ የብራና መጻሕፍትም አብረው ሄደዋል፤ እነሱ ደግሞ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። የጉዞው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1934 ባሳተመው የቀን ማስታወሻ ቡድኑ በየደረሰበት የአፍሪካ አገር ዕቃውን እንዴት እንደሰበሰበ፣ በጉልበት የተወሰደውንም ጭምር፣ ሳይሸሽግ ጽፎታል። እኛ በቁጭት የፈጠርነው ተረት አይደለም፤ የራሳቸው ሰው ቃል ነው።

ሚዛን እንጠብቅ፦ ግሪዮል በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ ስትወረን ለኢትዮጵያ የተከራከረ ሰው ነው። ይህን አንክድም፤ እናመሰግናለንም። ይሁን እንጂ ውለታ ሌላ፣ ዕቃ ሌላ።

ፈልዊን ሳርና ቤኔዲክት ሳቮይ በ2018 ለፈረንሳይ ፕሬዚደንት ያቀረቡት ጥናት እንደሚለው በዚያ አንድ ሙዚየም ከሰሐራ በታች ካለው አፍሪካ የሄዱ 70,000 ያህል ዕቃዎች አሉ። ከኢትዮጵያ የሄደው ብቻ ከ3,000 ይበልጣል። ቤኒን በ1892 ከአቦሜ ቤተ መንግሥት የተዘረፈባትን መልሱልኝ ብላ በ2016 ጠየቀች፤ አይሆንም ተባለች። አልተኛችም። በ2020 ሕግ ወጣ፤ በ2021 ከዚያው ከኬ ብራንሊ 26 ቅርሶች አገራቸው ገቡ። ዕቃው ያለበትን የሚያውቅ፣ ስሙን የሚጠራና የማይሰለች ሰው ስለነበራት ነው የተመለሰላት። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረት እዚህ ላይ አይሠራም። ዝም ያልንበት ቅርስ እንደ ወጣ ይቀራል።

እንግዲህ ሦስት ባንዱን ቲኬት የገዛውን ወንድማችንን እናስበው። በማማው ላይ ሆኖ የጎንደርን ሥዕሎች ጣራ አይቷል። በጀልባው በደጃቸው አልፏል። በአውቶቡሱ ሠፈራቸውን ዞሯል። ባንድ ቀን ሦስት ጊዜ ከአባ እንጦንስ ጋር ተላልፎ አንድ ጊዜ እንኳ «እንደምን ዋላችሁ» ሳይል አገሩ ገባ። እንዴ! የአጎቱ ልጅ በሰው አገር ታስሮ በሩ ላይ ሦስት ጊዜ አልፎ ሳይጠይቀው ቢመጣ ምን እንለው ነበር?

«ጊዜ አልነበረኝም» ይባላል። ቲኬቱ ራሱ ቀኑን ሙሉ የሚበላ አይደለም እንዴ? ጊዜማ ነበረ፤ ተሽጦ ነው። «ገንዘብ ቆጥቤ ነው» ይባላል። ቁጠባ ከሆነ በከተማው ተራ ቲኬት 69 ቁጥር አውቶቡስ አለ። ማማው ሥር ካለው ሻን ደ ማርስ ተነስቶ፣ በሉቭርና በባስቲይ አልፎ እስከ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ድረስ ይሄዳል። ሠራተኛውና አሮጊቷ፣ ተማሪውም ጭምር የሚሳፈርበት ነው፤ ማዳመጫ የለውም፤ ጎረቤት ግን አለው። ፔር ላሼዝ ሲደርሱ ደግሞ ሜይ 28 ቀን 1871 የፓሪስ ኮሚዩን ተዋጊዎች የሆኑ 147 ሰዎች የተረሸኑበት ግንብ አለ። የፓሪስን ታሪክ የሚናገረው የካርናቫሌ ሙዚየምም ቋሚ ትርኢቱን ያለ ክፍያ ያሳያል።

«ኧረ ባካችሁ፣ ሰው ቢዝናናስ ምን ይጠበስ?» የሚልም አለ። ይዝናና! ወንዝ ማየት፣ ንፋስ መቀበል፣ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ማታ መብራት ማየት ደስ ይላል፤ እኛም ብናገኘው ደስ ይለናል። የተዝናና ሰው ግን «ተዝናናሁ» ይበል። «አየሁ፣ ጨረስኩ፣ አወቅሁ» ሲል ነው ጠባችን። የተማረ ሰው ነኝ የሚል፣ ሕዝብ ከግብሩ ከፍሎ ያስተማረው ሰው፣ የአገሩን ቅርስ በመስታወት በኩል ሸኝቶ ሲመጣ ዝም አንልም።

ደግሞ የነገው ነገር አለ። ከእኛ አንዱ የፋሲልን ግንብ፣ የከተማ አውቶቡስና የጣናን ጀልባ አስሮ «ሦስት ባንድ!» ሲል ለአባ እንጦንስ ፌርማታ ያበጃል ወይስ አያበጅም? ፈረንጁን ጎብኚ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አቁሞ «ዋናው ሥዕል እናንተው ጋ ነው፤ ስትመለሱ ጠይቁልን» የማለት ወኔ ይኖረዋል? ወይስ ደንበኛ እንዳይቀየም ብሎ ስለ ግንቡ ቁመት ብቻ ያወራል? መልሱን አሁን ነው ማዘጋጀት።

ስለዚህ ይህን እንላለን። ፓሪስ የሚደርስ ሰው አስቀድሞ በእግሩ ኬ ብራንሊ ይግባ። የትኛው ሥዕል እንደሚታይ፣ ከሥሩ ምን ተብሎ እንደተጻፈ፣ አመጣጡ እንዴት እንደተነገረ በደብተሩ ገልብጦ ይምጣ፤ ይህ መጽሔት ገጹን ይለቅለታል። ሳን ሚሼል ድልድይ ላይ ቆሞ ሰሌዳዋን ያንብብ። ማማው ላይ መውጣት ካማረው እስከ ሁለተኛው ፎቅ 674 ደረጃ አለ፤ በእግሩ ይውጣው፤ ላቡ ጠብ ሲል ሪቬቱን የመቱትን ሠራተኞች ያስታውሳቸዋል። ጊዜ ከተረፈው በጀልባ ይንሸራሸር፤ አንቀየመውም።

የማይሄደውስ፣ እንደ አብዛኛዎቻችን? ሥራ አለው። ሄዶ የመጣውን ይጠይቅ። ፎቶግራፉን ሲያሳየው «ታድለህ!» ብሎ አይለፈው። «የአባ እንጦንስን ሥዕሎች አየሃቸው ወይ?» ይበለው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተጠየቀ የሚቀጥለው ተጓዥ አፍሮም ቢሆን ይሄዳል። ሄዶ ያየ ይቆጫል። የተቆጨም አንድ ቀን መልሱልን ብሎ ይጽፋል።