የእጃጂ ምሩቅ ቋንቋ ስንት ያወጣል?

ከአምቦ ተነስቶ ጌዶን አልፎ ወደ ባኮና ነቀምት በሚወስደው መንገድ ላይ እጃጂ አለች፤ የኢሉ ገላን ወረዳ መቀመጫ። አካባቢው በቆሎ አብቃይ ስለሆነ አጥኚ አይጠፋበትም። የፕሮጀክት መኪና ይመጣል፣ ዋናው አማካሪ ይወርዳል፣ ታብሌት የያዙ የአካባቢው ወጣቶች ይከተሉታል። ከነዚህ መካከል ማኔጅመንት፣ አካውንቲንግ፣ እንግሊዝኛ ወይም አፋን ኦሮሞ ያጠኑ ባለዲግሪዎች አሉ። በሥራው ላይ ግን ስማቸው «መረጃ ሰብሳቢ» ነው። ክፍያቸው በቀን ይታሰባል፤ ሪፖርቱ ሲወጣ ስማቸው ቢገኝ እንኳ ምስጋና ገጽ ላይ ነው። በዚህ አሠራር ወጣቱ ይጎዳል፣ ሪፖርቱም አብሮ ይበላሻል።

አንድ ጥያቄ ብቻ እንይ። መጠይቁ «ማሳዎ ስንት ሄክታር ነው?» ይላል። ገበሬው የሚመልሰው በጥማድ ወይም በቀርጥ ነው። ጥማድ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ ወረቀት ላይ ሩብ ሄክታር ግድም ይባላል እንጂ በሬው ሲደክም፣ አፈሩ ሲከብድ ይጠባል። ምርቱም ሁልጊዜ በኩንታል አይነገርም። ሸክም አለ፣ ጭነት አለ፣ ቁና አለ። ሸክሙ የሰው ነው የአህያ? በቆሎው ከነቆረቆንዳው ነው ተፈልፍሎ? የዓለም ባንክና የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጋራ ባካሄዱት የቤተሰብ ጥናት አገርኛ መለኪያዎችን መጠይቁ ውስጥ ያስገቡት፣ ማሳውንም በጂፒኤስ ያስለኩት ያለ ምክንያት አልነበረም። ገበሬው ፊት ተቀምጦ ይህን ሁሉ የሚያጣራው ግን ያ መረጃ ሰብሳቢ ነው። እሱ ከሳተ የሄክታሩ ምርት ይሳሳታል፤ በዚያ ላይ የሚቆመው የማዳበሪያ ምክርና የብድር ስሌትም ይሳሳታል። ይህ እንደ ተራ ትርጉም የሚከፈልበት ሥራ ነው?

ለጥናት መጽሔትና ለውጭ ድርጅት ዋጋ ያለው እውቀት ከየት እንደሚገኝ ለማየት የዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን መንገድ ይጠቅማል። በስታንፎርድ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት በኢትዮጵያ የእህል ገበያ ላይ ነው። ነጋዴ ሩቅ አገር ካለ ሰው ጋር ሲገበያይ ለምን ደላላ እንደሚያስፈልገው መረመሩ። በዓለም ባንክና በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ኢንስቲትዩት ሠሩ፤ በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ሥራ አስጀመሩ። እርግጥ ልጅነታቸውን በአብዛኛው ያሳለፉት ውጭ ነው፤ መነሻቸው ከእጃጂ ልጅ ጋር አይወዳደርም። ቢሆንም የዓለምን በር የከፈተላቸው እውቀት ስለ እህል በረንዳ ያወቁት ነው። የእጃጂ ልጅ ያንን በረንዳ በገበያ ቀን በእግሩ ይደርስበታል።

አማካሪዎቹ መልስ አላቸው፤ ልጆቹ ሪፖርት መጻፍ አይችሉም ይላሉ። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ዲግሪው በእንግሊዝኛ ተሰጥቶ ተመራቂው በእንግሊዝኛ አሥር ገጽ ጽፎ ሳያውቅ ይወጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም ምርጫ ማጥቆር እንጂ መጻፍ አይደለም። የንግድ ተማሪና የቋንቋ ተማሪ ደግሞ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖሩ የሚገናኙት ካፌ ነው። አንዱ ትርፍና ኪሳራ ያውቃል፣ ሌላው አንቀጽ መገንባት ያውቃል፤ የአማካሪነት ሥራ ሁለቱን አንድ ላይ ይጠይቃል።

ስለዚህ ወጣቱ የቤት ሥራ አለበት። ከእያንዳንዱ የመስክ ሥራ በኋላ ሁለት ገጽ ማስታወሻ በእንግሊዝኛ ጽፎ ለተቆጣጣሪው ይስጥ፤ የትኛው ጥያቄ ገበሬውን እንዳደናገረ፣ ለምን እንደሆነ፣ እንዴት ቢጠየቅ እንደሚሻል። የመላሾቹን ስም ሳይነካ ማለት ነው። ሰው አጠገቡ ያለው ማን መሆኑን የሚያውቀው በጽሑፍ ነው። ሦስተኛና አራተኛ ቋንቋም ያስፈልገዋል። አዲስ አበባ የተቀመጠው የአፍሪካ ኅብረት ከእንግሊዝኛ ሌላ በፈረንሳይኛ፣ በዓረብኛ፣ በፖርቱጋልኛ፣ በስፓኒሽና በስዋሂሊ ይሠራል። በአፉ የፈታበት አፋን ኦሮሞ ደግሞ ሞያሌ ላይ አያበቃም፤ ሰሜን ኬንያ ውስጥም ይነገራል። የቦረናው አነጋገር ከሸዋው ይለያል፣ ጆሮ ማለማመድ ይጠይቃል፤ ስዋሂሊ የጨመረበት ግን ከናይሮቢ ከሚላክ ብዙ ባለሙያ ቀድሞ ይግባባል።

የወጣቱ ጥረት ብቻውን ግን የትም አያደርሰውም፤ ቢጋሩን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነውና። ለእጃጂ በማይርቀው የባኮ ምርምር ማዕከል የወጡ የበቆሎ ዝርያዎች የቦታውን ስም ይዘው አገር ዞረዋል፤ ቢኤች 660 ሲባል የመጀመሪያዋ ፊደል ባኮ ናት። ያንን በቆሎ ስለሚያመርተው ገበሬ በሚጻፈው ሪፖርት ላይ ግን ገበሬውን ያናገረው ሰው በደራሲነት አይሰፈርም። ጥናት የሚያሠሩ ለጋሾችና መሥሪያ ቤቶች በቢጋሩ ላይ አንድ አንቀጽ ቢጨምሩ ይህ ይቀየራል፦ የጥናት ቡድኑ ቢያንስ አንድ የአካባቢውን ቋንቋ የሚናገር ተንታኝ ይኑረው፣ ለመስክ ብቻ ሳይሆን ለትንተናና ለጽሑፍ ቀናትም ይከፈለው፣ ስሙ ከደራሲዎቹ ጋር ይጻፍ፣ ይህን ያላሟላ ተጫራች ነጥብ ይቀነስበት። ከጠቅላላው በጀት የሚወስደው የጥቂት ሳምንት ክፍያ ነው፤ ለዋናው አማካሪ የአውሮፕላን ቲኬትና ሆቴል ከሚወጣው ብዙም አይበልጥም።