ቁጥሩን ተዉት፤ ደመወዙን ንገሩን

«ይህን ያህል የሥራ ዕድል ተፈጠረ» በተባለ ቁጥር እንድናጨበጭብ ይፈለጋል። እኛ ግን አስቀድመን እንጠይቃለን፤ ለማን? በስንት ብር? እስከ መቼስ?

በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ትናንት ጤፍ ይዘራበት የነበረው መሬት ዛሬ በግንብ ታጥሯል። መሬቱ ሲወሰድ ለገበሬው ካሣ ብቻ ሳይሆን «ልጆችህ ሥራ ይይዛሉ» የሚል ቃልም ተሰጠው። ያዙም! የአባቱን ማሳ በዘበኝነት የሚጠብቀውን ልጅ ሥራ ፈት ነው የሚለው ማነው?

የሰበታን ሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ እንይ። መንግሥት በ2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ለእንግሊዙ ዲያጂዮ ሸጠው። ዲያጂዮም በ2014 ዓ.ም. ለፈረንሳዩ ካስቴል እኅት ኩባንያ ለቢጂአይ አስተላልፎት ሄደ። ዐሥር ዓመት ለለንደን ባለአክሲዮን አንድ የሒሳብ መዝገብ ነው፤ ለሰበታ ሠራተኛ ግን የልጁ የትምህርት ዘመን ነው። ሻጭና ገዥ ሲፈራረሙ እሱን ማን ጠየቀው?

አንዳንድ መምህሮቻችን «ደመወዝ ካልረከሰ ካፒታል አይመጣም» ይሉናል። መጣ እኮ! የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የልብስ ሰፊዎቻችን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር መሆኑን ገለጸ። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱን ምክንያት አድርጎ ፋብሪካውን ዘጋ። ርካሽነታችን አላቆየውም።

በ2009 ዓ.ም. መጀመሪያ በሰበታ ፋብሪካዎች ሲቃጠሉ ብዙዎች «ጥፋት» ብለው አለፉት። እሳቱን አናወድስም። ዳሩ ግን ሰው የእንጀራዬ ገበታ ነው ብሎ የሚያምንበትን ቤት ያቃጥላልን?

ነገ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ሸገር ከተማ በተባሉት በእነዚሁ ከተሞች አንድ የውጭ አማካሪ ኩባንያ ኮምፒዩተር ደርድሮ የአገልግሎት ማዕከል ቢከፍትና እኛን ተመራቂዎቹን በከረባት ቢያስቀምጠን፣ ጥያቄያችን ያው ነው። (ከረባት፣ እስከምናውቀው ድረስ፣ የቤት ኪራይ አይከፍልም።) አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን ደመወዝ በየጊዜው የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚኖር ደንግጓል፤ ቦርዱ ይሥራ። ኩባንያውም መሬትና የግብር እፎይታ ከመቀበሉ በፊት ደመወዙን፣ የሥልጠናውን ዓይነትና የሚቆይበትን ዘመን በውል ይጻፍ። ውሉ በኦሮምኛና በአማርኛ በቀበሌው በር ላይ ይለጠፍ። ማንበብ ለማይችለው ገበሬ እኛ ሄደን እናነብለታለን።