የጨረራ ቆሻሻ ጽዳት የባለሙያ ብቻ ሥራ አይደለም

ኢንዱስትሪ ሀብት ይዞ እንደሚመጣ ሁሉ ትቶት የሚሄደውም ነገር አለ። ፋብሪካው ሲዘጋ ወይም የማዕድን ሥራው ሲያበቃ ባለሀብቱ ይሄዳል፣ ሠራተኛው ይበተናል፣ መሣሪያው ተነቅሎ ይሸጣል። ዝቃጩ፣ ጉድጓዱና የተበከለው አፈር ግን ከአካባቢው ነዋሪ ጋር ይቀራሉ። ከሚቀረው ነገር ውስጥ ጨረራ አመንጪ ንጥረ ነገር ካለበት ችግሩ ይከብዳል። ጨረራ አይታይም፣ አይሸትም፣ አይቀመስም። መኖሩን የሚናገረው መሣሪያ ነው፤ መሣሪያውም ያለው በባለሙያ እጅ ነው። ከዚህ የተነሣ «ጉዳዩን ለባለሙያ ተዉት» የሚለው አስተያየት ብዙ ጊዜ ትክክል መስሎ ይሰማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አስተያየቱ በግማሹ ብቻ ትክክል መሆኑን ማሳየት ነው።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ብቻ እንዳልሆነ ለመረዳት ወደ ጉጂ ምድር መመልከት ይበቃል። በቀንጢቻ ከ1980ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ታንታለም የሚገኝበት ማዕድን ሲመረት ቆይቷል። ታንታለም በእጅ ስልካችንና በኮምፒውተራችን ውስጥ ለሚገኙ ጥቃቅን ካፓሲተሮች መሥሪያ የሚውል ብረት ነው። ይሁን እንጂ ተፈጥሮ ማዕድናትን ለይታ አታስቀምጥም፤ ታንታለም በሚገኝበት ዐለት ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየምም አብረው ይገኛሉ። ማዕድኑ ሲጣራና ሲከማች እነርሱም አብረው ይከማቻሉ። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ባወጣው የማጓጓዣ ደንብ መሠረት፣ እንዲህ ያለው የተፈጥሮ ማዕድን በአንድ ግራም ከ10 ቤኬሬል በላይ ካለው እንደ ጨረራ አመንጪ ዕቃ ተቆጥሮ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግለታል። አንድ ቤኬሬል ማለት በአንድ ሴኮንድ የአንድ አቶም መፈራረስ ነው። የታንታለም ክምችት ይህን ወሰን በቀላሉ ሊያልፍ ይችላል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ማዕድኑ ዩራኒየም አለበት ማለት በዙሪያው ያለው አፈርና ውሃ ሁሉ ተመርዟል ማለት አይደለም። አብዛኛው ዩራኒየም ከተጣራው ማዕድን ጋር ሊሄድ፣ በዝቃጩ ውስጥ የሚቀረው ጥቂት ሊሆን ይችላል። ደግሞም ጨረራ የሌለበት አፈር በዓለም ላይ የለም፤ የሰው ልጅ ከአፈር፣ ከአየር፣ ከምግብና ከኅዋ በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት ያህል የተፈጥሮ ጨረራ ይደርሰዋል። ከሰው ሥራ የተነሣ በሕዝብ ላይ እንዲጨመር የሚፈቀደው ወሰን በዓመት 1 ሚሊሲቨርት ነው። እንግዲህ «አደገኛ ነው» ወይም «ምንም የለበትም» ብሎ መማል የሚቻለው ከተለካ በኋላ ብቻ ነው። ጥያቄው ማን ይለካል፣ መቼ ይለካል፣ ውጤቱስ ለማን ይነገራል የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ ሳይመለስ ሲቀር ምን እንደሚከተል በዚያው በጉጂ፣ በሻኪሶ አጠገብ በሚገኘው የለገደምቢ የወርቅ ማውጫ አይተናል። በለገደምቢ የነበረው ክርክር የጨረራ ሳይሆን ለወርቅ ማጣሪያ የሚውሉ ኬሚካሎች ነው፤ ትምህርቱ ግን ለሁለቱም አንድ ነው። ነዋሪዎች ሕፃናት የአካል ጉዳት ይዘው እንደሚወለዱ፣ እናቶች እንደሚያስወርዳቸው፣ ከብቶች እንደሚያልቁ ለዓመታት ሲያመለክቱ ቆዩ። የማውጫው ፈቃድ ለተጨማሪ 10 ዓመታት መታደሱ ሲሰማ ቁጣው ገንፍሎ አደባባይ ወጣ፤ በግንቦት 2010 ዓ.ም. መንግሥት ፈቃዱን አገደ። አጥኚዎች ወደ ስፍራው የተላኩት ከዚህ በኋላ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ማውጫው ሥራውን ቀጠለ። መለኪያው የመጣው እምነት ከጠፋ በኋላ ስለነበር፣ ቁጥሩ ምንም ቢል የሚያምነው ሰው ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

ተቃራኒውን ምሳሌ ከአሜሪካ እናገኛለን። በኦሃዮ ግዛት ከሲንሲናቲ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው ፈርናልድ በተባለ ስፍራ እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1989 ለኑክሌር መሣሪያ የሚሆን ዩራኒየም የሚያጣራ ፋብሪካ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1984 ፋብሪካው የዩራኒየም ብናኝ ወደ አየር መልቀቁና የጎረቤት የውሃ ጉድጓዶች መበከላቸው ይፋ ሆነ። ነዋሪዎቹ ገበሬዎች፣ የቤት እመቤቶችና ሠራተኞች ነበሩ። ማኅበር አቋቋሙ፤ ሰነድ ማንበብ፣ መጠየቅና መካሰስ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1989 ፍርድ ቤት የሄደው ክስ በ78 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ትልቁ ትምህርት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የነዋሪዎች ግብረ ኃይል ተቋቁሞ ስለ ጽዳቱ ሐሳብ እንዲያቀርብ ተደረገ። የነዋሪው የመጀመሪያ ፍላጎት ሊገመት የሚችል ነው፤ «ሁሉንም ጠራርጋችሁ ውሰዱልን» የሚል ነበር። ግብረ ኃይሉ የመለኪያ ውጤቶቹን ሁሉ ተቀበለ፤ ምን ያህል አፈር ቢነሣ ምን ያህል ወጪ እንደሚጠይቅ፣ ስንት የጭነት መኪና በማን መንደር እንደሚያልፍ፣ የት እንደሚራገፍ አንድ በአንድ አሰላ። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1995 ማንም ያልጠበቀውን ሐሳብ አቀረበ፤ እጅግ አደገኛው ቆሻሻ ወደ ሌላ ስፍራ ይሂድ፣ በመጠን የሚበዛው ነገር ግን ጨረራው ዝቅተኛ የሆነው በዚያው ስፍራ በጥንቃቄ በተሠራ ማጠራቀሚያ ይቀበር አለ። ጽዳቱ 4.4 ቢሊዮን ዶላር ወጥቶበት እ.ኤ.አ. በ2006 ተጠናቀቀ፤ ዛሬ ስፍራው የዱር እንስሳትና የአእዋፍ መጠለያ ሆኗል። የከርሰ ምድር ውሃውን የማጣራቱ ሥራ ግን አላበቃም።

ፈርናልድ ሁለት ነገር ያስተምረናል። አንደኛው፣ መረጃ በእጁ የገባ ሕዝብ ከራሱ ጥቅም በላይ ማሰብ እንደሚችል ነው። ቆሻሻውን ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ደጃፍ መግፋት ፍትሕ አለመሆኑን ያመነው ያው የተጎዳው ነዋሪ ነው። ሁለተኛው፣ በጽዳት ሥራ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥያቄዎች መኖራቸው ነው። የራዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1,600 ዓመት ነው፤ በንጉሥ ኢዛና ዘመን ተቀብሮ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ያህል ዛሬም በስፍራው ይገኝ ነበር። ይህ በድምፅ ብልጫ የሚለወጥ ነገር አይደለም፤ የባለሙያ ጉዳይ ነው። ነገር ግን መሬቱ ወደፊት ለእርሻ ይዋል ወይስ ለግጦሽ፣ ለዚህስ ምን ያህል ይጽዳ፣ የሚቀረውን ማን ይጠብቅ የሚሉት ጥያቄዎች የፊዚክስ ጥያቄዎች አይደሉም። በስፍራው የሚኖረው፣ ውሃውን የሚጠጣው፣ ልጁንም በዚያ የሚያሳድገው ሰው ሳይናገርባቸው በላቦራቶሪ ሊወሰኑ አይገባም።

የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው «ሕዝቡ ስለ ቤኬሬልና ስለ ሲቨርት ምን ያውቃል?» የሚለው ነው። በሐረርጌ የሚኖር ገበሬ የጫትን ዋጋ በየሰዓቱ ይከታተላል፤ የበሽታን ምልክት ከቅጠሉ ላይ ያነብባል፤ የዝናብን መዘግየት ከእህሉ ምርጫ ጋር ያገናዝባል። ይህን ሁሉ የሚያሰላ ሰው «ከዚህ ቁጥር በላይ ከሆነ አትጠጡ» የሚለውን የማይረዳበት ምክንያት የለም። የጎደለው የሚያስረዳው ሰው ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ «መረጃ ሽብር ይፈጥራል» ይላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 1987 በብራዚል ጎያኒያ ከተማ ከተተወ ክሊኒክ የወጣ የሲዝየም 137 ምንጭ እንደ ውራጅ ብረት ተሰብሮ 4 ሰዎች ሞቱ፣ 249 ሰዎች ተበክለው ተገኙ፤ ከ112,000 በላይ ሰዎች ለምርመራ ተሰለፉ። ሟቾቹ ሲቀበሩ የተቆጣ ሕዝብ ድንጋይ ወረወረ፤ የአካባቢው ምርትም ገበያ አጣ። ብረቱን የፈታቱት ሰዎች የያዙት ነገር ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር፤ ሕዝቡም አስቀድሞ ስለ ጨረራ የነገረው አልነበረም። ሽብሩ የተወለደው ከመረጃ እጦት ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ «ሥራ ያጓትታል፣ ወጪ ያበዛል» የሚል ነው። የለገደምቢ ማውጫ ለሦስት ዓመታት ያህል መዘጋቱ ከየትኛውም ምክክር በላይ ጊዜና ገንዘብ የበላ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል።

ሕጉም ቢሆን ከዚህ ሐሳብ ጋር ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92 ደግሞ ሕዝብ በቀጥታ በሚነኩት የአካባቢ ፖሊሲዎችና ፕሮግራሞች ላይ ሐሳቡን የመግለጽ መብት ይሰጠዋል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 የሕዝብን ተሳትፎ ግዴታ አድርጎታል፤ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 መሠረትም ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው ስለ ብክለት አቤት ማለት ይችላል። የጨረራና የኑክሌር ጥበቃ አዋጅም በ2009 ዓ.ም. ወጥቷል። ሕግ አልጠፋም። የጠፋው ሕጉን ከወረቀት ወደ መንደር የሚያወርደው ሥራ ነው። ተሳትፎ ማለት በአዳራሽ ተሰብስቦ፣ ስም ዝርዝር ላይ ፈርሞ፣ አበል ተቀብሎ መበተን አይደለም።

በቦኬ፣ በጭሮ፣ በገለምሶ ወይም በሒርና የሚማር አንባቢ «ይህ የጉጂ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» ይል ይሆናል። ያገባናል። የማዕድን ፍለጋ ዛሬ በአንድ ዞን አይወሰንም። የማዕድን ሥራ ባይመጣ እንኳ ቁራሌው የሚሰበስበው ብረት ከየት እንደመጣ ሁልጊዜ አይታወቅም። ሦስት ክንፍ ያለውን የጨረራ ምልክት አይቶ «አትንኩ፣ ራቁ፣ አሳውቁ» የሚል ተማሪ በየመንደሩ መኖሩ ብቻውን ሕይወት ያድናል። ቡናውንና ጫቱን ለገበያ የሚያወርድ አካባቢም ስለ አፈሩና ስለ ውሃው የተጣራ መረጃ ከሌለው፣ አንድ ቀን በወሬ ብቻ ገበያውን ሊያጣ ይችላል።

ስለሆነም የሚከተሉት ሦስት ነገሮች ቢደረጉ መልካም ነው። በመጀመሪያ፣ ማንኛውም የማዕድን ሥራ ከመጀመሩ በፊት የአፈሩና የውሃው የጨረራ መጠን ተለክቶ ይመዝገብ፤ መነሻው ካልታወቀ የኋላው ብክለት ከማን እንደመጣ ማረጋገጥ አይቻልም። ናሙናው ነዋሪዎች ባሉበት ተወስዶ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ላቦራቶሪ ይመርመር። ሁለተኛ፣ ውጤቱ በነዋሪው ቋንቋ፣ በጉጂም ሆነ በሐረርጌ በአፋን ኦሮሞ፣ ከተፈቀደው ወሰን ጋር ተነጻጽሮ በቀበሌው ጽሕፈት ቤት ይለጠፍ። ሦስተኛ፣ የጽዳቱ ገንዘብ ምርቱ ሳለ ተቀንሶ ይቀመጥ፤ አጠቃቀሙንም ነዋሪዎች የሚገኙበት ኮሚቴ ይከታተለው። ሐረርጌ ለዚህ እንግዳ አይደለም። ሐዘንን በአፎሻ፣ ሥራን በጉዛ የሚካፈል ሕዝብ ጥበቃንም በጋራ መያዝ አያቅተውም።

የዩኒቨርሲቲዎች ድርሻ እዚህ ላይ ነው። የፊዚክስ ትምህርት ክፍል የጨረራ መቁጠሪያ መሣሪያውን በመደርደሪያ ቆልፎ የግማሽ ዕድሜን ቀመር በጥቁር ሰሌዳ ብቻ ሲያስተምር፣ ተማሪው ፈተናውን ያልፋል፤ አገሩን ግን አይጠቅምም። ያው መሣሪያ በተማሪ እጅ ወደ ምንጭ፣ ወደ ጉድጓድና ወደ እርሻ ቢወጣ፣ የተገኘውም ቁጥር ለገበሬው በሚገባው ቋንቋ ቢነገር፣ ከድርጅቱም ከመንግሥትም ያልሆነ ሦስተኛ ምስክር ይኖረናል። ለገደምቢ ያጣው ይህንን ምስክር ነበር። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አበው፤ ውሃው ጥሩ መሆኑን በመለኪያ አረጋግጦ ለጠጪው መንገር ደግሞ የእናንተ የተማሪዎቹ ሥራ ነው።