ለዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት አቅራቢ ሲመረጥ ከዋጋው ባሻገር ምን ይታይ?

ፀዳ ከጎንደር ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ስትሆን የጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስና አንድ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኙባት ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲው በ1947 ዓ.ም የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ መመሥረቱ ይታወቃል። ዛሬ ግን ትምህርት የሚሰጠው በአንድ ግቢ ተወስኖ አይደለም። ካምፓሶች በበዙ ቁጥር አንድን የማስተማሪያ መጽሐፍ ለሁሉም ማዳረስ አስቸጋሪ ይሆናል። በአንዱ ካምፓስ መደርደሪያ ላይ ያለ መጽሐፍ በሌላው ካምፓስ ለሚማር ተማሪ እንደሌለ ይቆጠራል። የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት ተፈላጊነትም በዋናነት ከዚህ ችግር የሚመነጭ ነው።

ይሁን እንጂ የታተመ መጽሐፍ መግዛትና ከኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት አቅራቢ ጋር ውል መፈጸም የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። የታተመውን የገዛ ቤተ መጻሕፍት የመጽሐፉ ባለቤት ይሆናል። የኤሌክትሮኒኩን የወሰደ ግን በአብዛኛው የሚያገኘው የመጠቀም ፈቃድ ነው። ፈቃዱም ዓይነቱ ብዙ ነው። በየዓመቱ የሚታደስ የደንበኝነት ክፍያ የሚጠይቅ አለ፤ አንድ ጊዜ ተከፍሎ በዘላቂነት የሚያዝም አለ። በአንድ ጊዜ አንድ አንባቢ ብቻ የሚያስተናግድ እንዳለ ሁሉ የአንባቢውን ቁጥር የማይገድብም ይገኛል። ለአንድ አንባቢ ብቻ የተፈቀደ መጽሐፍ በፈተና ሰሞን መቶ ተማሪዎች ሲፈልጉት ከአንድ የታተመ ቅጂ እምብዛም የተሻለ አገልግሎት እንደማይሰጥ እሙን ነው።

የውል ዓይነት ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ የቅርብ ጊዜ ዓለም አቀፍ ክስተቶች ያሳያሉ። ዊሊ የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022፣ የትምህርት ዘመኑ ሊጀመር ሲቃረብ፣ ከ1 ሺህ 300 በላይ መጻሕፍቱን ከፕሮኩዌስት የደንበኝነት ስብስብ አስወጣ። መጻሕፍቱ ለጊዜው የተመለሱት ከመምህራንና ከቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ተቃውሞ ከተነሣ በኋላ ነበር። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ የፕሮኩዌስት ባለቤት የሆነው ክላሪቬት የኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን በአንድ ጊዜ ክፍያ በዘላቂነት መሸጥ እንደሚያቆም አስታወቀ። ተቃውሞው ሲበረታም የማቆሚያውን ጊዜ ወደ 2026 አጋማሽ አራዘመ። በሁለቱም አጋጣሚዎች ውሳኔውን የሰጡት ሻጮቹ እንጂ ገንዘቡን የከፈሉት ቤተ መጻሕፍት አልነበሩም።

ለኢትዮጵያ ተቋማት ጉዳዩን ይበልጥ የሚያከብደው ክፍያው በውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው። የብር የምንዛሪ ተመን ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ይህም ማለት በ10 ሺህ ዶላር የሚታደስ ዓመታዊ ደንበኝነት ከ570 ሺህ ብር ገደማ ተነሥቶ ከ1 ሚሊዮን ብር በላይ ወጥቷል ማለት ነው። በጀቱ በዚያው ልክ ካላደገ ደንበኝነቱ ይቋረጣል፤ ሲቋረጥም ለዓመታት ከተከፈለበት ስብስብ በእጅ የሚቀር አንድም መጽሐፍ ላይኖር ይችላል።

በመሆኑም ከማንኛውም አቅራቢ ጋር ከመደራደር በፊት በነጻ ወይም በጋራ የሚገኘውን ለይቶ ማወቅ ተገቢ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ እና የምግብና የእርሻ ድርጅት በ2003 ያስከተለው አጎራ፣ ዛሬ ሪሰርች ፎር ላይፍ በተባለው ማዕቀፍ ሥር፣ መጽሔቶችንና መጻሕፍትን ለኢትዮጵያ ተቋማት ያለ ክፍያ ያቀርባሉ። በአገር ውስጥም ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት የተዘጋጀ ብሔራዊ የዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ሲኖር፣ የአካዳሚክና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ጥምረትም በጋራ ለመደራደር ዕድል ይፈጥራል። በነጻ የተገኘን መጽሐፍ በዶላር መልሶ መግዛት ብክነት ነው።

ሌላው መመዘኛ የኢንተርኔት አቅርቦት ነው። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም ማብቂያ የተከሰተውን የጸጥታ ችግር ተከትሎ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ መቆየቱ አይዘነጋም። ገጹን በቀጥታ መስመር ላይ ብቻ የሚያስነብብ አቅራቢ እንዲህ ባለ ወቅት ፋይዳ የለውም። ምዕራፎችን አውርዶ ለማስቀመጥና በካምፓሱ የውስጥ መረብ ለማንበብ የሚፈቅድ ግን ትምህርቱን ያስቀጥላል።

የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነትም ሊታለፍ አይገባም። ኢትዮጵያ ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች መጻሕፍትን ተደራሽ የሚያደርገውን የማራካሽ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2020 ተቀላቅላለች። ጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በአካል ጉዳተኞች ላይ ያተኮረ የነጻ ትምህርት ዕድል መርሐ ግብር ሲያከናውን ቆይቷል። ገጾቹን በፎቶግራፍ መልክ ብቻ የሚያቀርብ መጽሐፍ ጽሑፍን ወደ ድምፅ በሚለውጥ ሶፍትዌር ሊነበብ ስለማይችል ለእነዚህ ተማሪዎች እንደ ተዘጋ በር ነው።

ለማየት በመቻልና በእጅ በመያዝ መካከል ያለውን ልዩነት ጎንደር ከራሷ ታሪክ ታውቀዋለች። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው በመቅደላ ካኖሯቸው የብራና መጻሕፍት መካከል በ1860 ዓ.ም በእንግሊዝ ጦር ተወስደው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት 350 ያህል ናቸው። ብዙዎቹ በዲጂታል ምስል ለዓለም ቀርበው ነበር። ሆኖም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ቤተ መጻሕፍቱ በደረሰበት የሳይበር ጥቃት ምስሎቹ ለረዥም ጊዜ ከመስመር ውጭ ሆኑ። መጽሐፉ በሌላ እጅ ባለበት ሁኔታ የአንባቢው መብት በሌላው ሰርቨር ደኅንነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ስለዚህ የግዥ ኮሚቴዎች የመጻሕፍቱን ብዛትና የመነሻ ዋጋውን ብቻ አነጻጽረው ከመወሰን ሊቆጠቡ ይገባል። ለመሠረታዊ የማስተማሪያ መጻሕፍት ዘላቂ ይዞታን ማስቀደም፣ የእድሳት ዋጋ ጣሪያን በውሉ ማስፈር፣ አቅራቢው ቢዘጋ ወይም መጽሐፍ ቢያነሳ ቅጂው በምን መንገድ እንደሚገኝ አስቀድሞ መወሰን፣ እንዲሁም የአጠቃቀም መረጃ በየጊዜው እንዲቀርብ ማስገደድ ይቻላል። የሙከራ ጊዜውም መስመሩ ፈጣን በሆነበት የዋናው ግቢ ቢሮ ሳይሆን እንደ ፀዳ ባሉ ካምፓሶች ቢካሄድ ትክክለኛውን ውጤት ያሳያል። ተማሪው በሚያነብበት ቦታ ያልሠራ አገልግሎት በጨረታ ሰነዱ ላይ የቱንም ያህል ቢያምር የወጣበትን የሕዝብ ገንዘብ አይመልስም።