የነጋዴውን ሚዛን የሚፈትሽ ገበሬ ቴርሞሜትሩን ለምን ዝም ብሎ ያምናል?

ዛሬ ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው የምጽፈው፣ ታገሱኝ።

እዚህ ገለጉ ሰሊጥ የሚሸጥ ገበሬ ጆንያውን ዝም ብሎ ሚዛን ላይ አይጥልም። ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን መጀመሪያ ያያል። ከተጠራጠረ ክብደቱን የሚያውቀውን ነገር ጭኖ ይፈትሻል። ይኸው ሰው ልጁን ታቅፎ ሲመጣ ግን ግንባር ላይ የሚደገነውን ቴርሞሜትር አይተን "36.4 ነው፣ ትኩሳት የለውም" ስንለው አመስግኖ ይሄዳል። ያ መሣሪያ መቼ ተፈተሸ ብሎ አይጠይቅም። የሚያሳዝነው እኛ ባለሙያዎቹም አንጠይቅም።

ከጥቂት ጊዜ በፊት ያየሁትን ልንገራችሁ። ቦታውን አልጠራም። የክትባት ማቀዝቀዣው ውስጥ ሽቦ አልባ የሙቀት ሴንሰር ተገጥሟል፣ ንባቡን በስልክ ይልካል። ስክሪኑ 4.8 ይላል፣ አረንጓዴ መብራት በርቷል። "ከምን ጋር ተመሳክሯል?" ብዬ ጠየቅሁ። "ዶክተር፣ ይሄ እኮ ዘመናዊ ነው፣ በኔትወርክ ነው የሚሠራው" ተባልኩ።

የሴንሰሩን ጫፍ ከታመነ ቴርሞሜትር ጋር በበረዶ ውሃ ውስጥ ከተትነው። የታመነው 0 አለ። ሴንሰሩ 3.4 አለ።

እስቲ አብረን እናስላ። 4.8 ሲል ማቀዝቀዣው በእውነት 1.4 አካባቢ ነበር ማለት ነው። ሌሊት 3 ሲያሳይ ደግሞ እውነቱ ከዜሮ በታች ነበር። ክትባት የሚቀመጠው በ2 እና በ8 ዲግሪ መካከል ነው። ፔንታቫለንት፣ የጉበት ቫይረስ ቢ እና የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቶች አንዴ ከበረዱ ኃይላቸውን ያጣሉ፤ ቢቀልጡም አይመለስላቸውም። እናት ግን በፀሐይ ሁለት ሰዓት ተጉዛ ታስከትባለች፣ ካርዱ ላይ ይጻፍላታል፣ ልጄ ተጠበቀልኝ ብላ ትመለሳለች።

ነርሷ አልሰነፈችም። ጠዋትና ማታ ንባቡን በጥሩ እጅ ጽፋለች። የጻፈችው ግን ሐሰት ነበር፣ እሷም አታውቅም።

ስለዚህ "ኔትወርክ አለው" የሚለውን መልስ አልቀበልም። ኔትወርክ ቁጥርን ያጓጉዛል እንጂ አያርምም። የተሳሳተ ቁጥር ከገለጉ ባሕር ዳር በአንድ ሰከንድ ቢደርስ ያው የተሳሳተ ቁጥር ነው። እንዲያውም የባሰ ነው፣ ሩቅ ያለው ኃላፊም አረንጓዴውን አይቶ ይተኛል።

"ከፋብሪካ ተስተካክሎ ነው የመጣው" የሚሉኝም አሉ። ይሁን። ግን የፋብሪካው ወረቀት የሚመሰክረው ለተፈተሸበት ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በጭነት መኪና ተንገጫግጯል፣ የቋራን አቧራና ሙቀት ቀምሷል፣ ባትሪው ደክሟል። የዓለም ጤና ድርጅት ለክትባት ማቀዝቀዣ መለኪያዎች የሚፈቅደው ስህተት ግማሽ ዲግሪ ነው። እኛ ያገኘነው 3.4 ነው!

"በጀት የለም፣ ላቦራቶሪው አዲስ አበባ ነው" ለሚሉኝ ደግሞ፦ ሙሉ ካሊብሬሽን እንደ ኢትዮጵያ ሥነ ልክ ኢንስቲትዩት ያለ ቦታ እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ነገር ግን ዞኑ ሰርተፊኬት ያለው አንድ ቴርሞሜትር ገዝቶ በየተራ ማዞር ይችላል። እስከዚያው አንድ ብርጭቆ በረዶ ይበቃል።

✅ የበረዶ ውሃ ፍተሻ እንዲህ ነው
1. ከንጹሕ ውሃ የተሠራ በረዶ ፈጭታችሁ ብርጭቆውን ሙሉ።
2. ክፍተቱ እስኪሞላ ቀዝቃዛ ውሃ ጨምሩ፣ አማስሉ። በረዶው ከላይ ብቻ ከተንሳፈፈ ውሃው በዝቷል፣ ቀንሱ።
3. የሴንሰሩን ጫፍ መሐል ላይ ያዙ። ጎኑንና ታቹን አይንካ።
4. ንባቡ እስኪረጋ ጠብቁ። 0 መሆን አለበት።
5. ልዩነቱንና ቀኑን ፕላስተር ላይ ጽፋችሁ መሣሪያው ላይ ለጥፉ። ከግማሽ ዲግሪ በላይ ከሆነ አሳውቁ፣ እስኪተካ ድረስ አትመኑት።

ውሃ የማይነካው ዓይነት ከሆነ ማቀዝቀዣው ውስጥ ከታመነ ቴርሞሜትር ጎን አስቀምጣችሁ አመሳክሩ። በፈላ ውሃ ግን አትሞክሩ። በረዶ ገለጉም ጎንደርም 0 ላይ ይቀልጣል፤ ውሃ ግን ጎንደር ደጋው ላይ 93 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እዚህ ቆላ ከዚያ በላይ።

🌡 ወደ ቤታችሁ ልምጣ። የብብት ዲጂታል ቴርሞሜትር ዝቅተኛ ሙቀት ስለማያነብ በበረዶ አይፈተሽም። ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ከታመነ ቴርሞሜትር ጋር አነጻጽሩት። ግንባር ላይ የሚደገነው ደግሞ ብዙው ዓይነት ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ አየር ውስጥ እንዲሠራ አልተሠራም። የእኛ መጋቢትና ሚያዝያ ስንት እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። ላብ ንባቡን ያወርደዋል፣ ፀሐይ ያወጣዋል። ልጁን ጥላ ውስጥ አሳርፉ፣ ላቡን ጥረጉ፣ ከተጠራጠራችሁ በብብት ድገሙት።

በብብት 37.5 እና ከዚያ በላይ ትኩሳት ነው። ዕድሜው ከሁለት ወር በታች የሆነ ሕፃን 37.5 ከደረሰ ወይም ከ35.5 በታች ከወረደ አደጋ ነው፣ ወዲያው ጤና ተቋም ውሰዱት። አንድ ዲግሪ የሚዋሽ ቴርሞሜትር እዚህ ላይ ምን እንደሚያደርግ አስቡት።

እኛ ያለነው ወባና ካላዛር ባለበት አገር ነው። ባልደረቦቼ ሆይ፣ እናት "ሌሊቱን ሲያተኩሰው አደረ" ካለች መሣሪያው 36.4 ስላለ አትመልሷት፣ የወባ ምርመራ ይደረግለት። እርሻ ላይ ያላችሁ ወንድሞቼም፣ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳችሁ፣ ግራ ጎናችሁ ካበጠ የካላዛር ምርመራ ጠይቁ።

ግዢ ላይ ያላችሁ ኃላፊዎች፣ መቶ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ የታመነ ቴርሞሜትር ግዙ። እናንተ ወላጆች ደግሞ "ይህ ቴርሞሜትር መቼ ተፈተሸ?" ብላችሁ ጠይቁን። አንቆጣም። የሚቆጣ ካለ ጥያቄው ልክ ነበር ማለት ነው።

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ይባላል። ቁናው ራሱ ሲጎድል ግን የሚጎዳው ምንም ያልሰፈረው ሕፃን ነው።

በጤና ተቋም ለሚሠራ ወዳጃችሁ አጋሩት። መልካም ጤና!