ለጀልባ የተገዛ ጠመንጃ

የሶማሊያ የባሕር ወንበዴዎች እ.ኤ.አ. ከ2008 ወዲህ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ሲያይሉ የመርከብ ባለቤቶች የታጠቁ የግል ጠባቂዎችን መቅጠር ያዙ። ወጪው ዞሮ ዞሮ ከጭነት ኪራዩ ጋር ተደምሮ በጅቡቲ በኩል ዕቃ በሚያስገባው ነጋዴ ትከሻ ላይም ያርፋል።

ገበያው በደራበት ዘመን መርከብ ላይ የሚወጡት በአብዛኛው አራት የቀድሞ ወታደሮች፣ በብዛትም እንግሊዛውያን ነበሩ። ሲቀዘቅዝ ቁጥራቸው ወደ ሦስት ወረደ፤ በአነስተኛ ክፍያ የሚሠሩ የእስያና የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎችም ተተኩ። ለባሕር ደህንነት ኮርሱ፣ ለመሣሪያ ፈተናውና ለጤና ምስክር ወረቀቱ ብዙውን ጊዜ ከኪሱ የሚከፍለው ሠልጣኙ ነው። ሥራ ተገኘም አልተገኘም አሠልጣኙ ሒሳቡን አስቀድሞ ተቀብሏል!

ሥልጠናው የተሰናዳው በፈጣን ጀልባ መሰላል ይዞ ለሚመጣ ወንበዴ ነው። ለዚያ በእርግጥ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 ግን ከሱዌዝ በሚወርደው የቀይ ባሕር መስመር ማጂክ ሲስ የተባለች መርከብ በጀልባ በመጡ ታጣቂዎች ስትጠቃ ጠባቂዎቿ ተኩስ መለሱ፤ ሁቲዎች ድሮንና ሚሳይል አከሉበት፤ ሠራተኞቹ ጥለዋት ወጡ፣ ሰጠመች። በዚያው ሳምንት ኢተርኒቲ ሲም ጠባቂዎች እያሏት ሰጥማለች፤ የሰው ሕይወትም ጠፍቷል።

ስለሆነም በዚህ መስመር ዕቃ የሚያስጭን አስመጪ “ጥበቃ አለ” ሲባል ከማን እንደሆነ ይጠይቅ። ከወንበዴ ከሆነ ይክፈል። ለሚሳይሉ ግን የመድን ውሉን ቢያገላብጥ ይሻላል፤ የተለመደው የጭነት መድን ጦርነትን አይሸፍንም፣ የጦርነት አንቀጹ ለብቻው ይገዛል።