«ናይስ» እና «አሪፍ»

ለመሆኑ በቀን ስንት ጊዜ «ናይስ» ትላላችሁ? እኔ ቆጥሬ አላውቅም፤ ብቆጥር ግን የማፍር ይመስለኛል። ጫማው ናይስ፣ ማኪያቶው ናይስ፣ ልጁም ናይስ! ሌላ ቅጽል የጠፋ ነው የሚመስለው።

ባለፈው ሴሚስተር ለፊቸር ኮርስ የሚሆን ጽሑፍ ፍለጋ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ተነስቼ ሽቅብ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገሬ «እንጦጦ ናይስ ቦታ ነው» የሚል ነበር። መምህራችን ቃሏን በቀይ ከበው «ምን ማለት ነው?» ብለው ጻፉበት። እኔም እልህ ይዞኝ መዝገበ ቃላት ገለጥኩ።

ለካ ቃሉ የመጣው «ኔስኪዩስ» ከሚለው ላቲን ነው፤ ትርጉሙ «የማያውቅ» ማለት ነው። በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ የገባው እ.ኤ.አ. በ1300 ገደማ ሲሆን፣ ያኔ ናይስ መባል ሞኝ መባል ነበር። በኋላ «መራጭ»፣ ከዚያም «ጥንቁቅ» ማለት ሆነ፤ «ደስ የሚል» የሚለው ትርጉም የተስፋፋው በ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ጄን ኦስተን እ.ኤ.አ. በ1817 መጨረሻ በታተመው «ኖርዛንገር አቢ» በተሰኘው ልቦለዷ ሁሉን ነገር ናይስ በሚሉ ሰዎች ቀልዳለች።

የኛው «አሪፍ»ስ? እሱ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ሥሩ «ማወቅ» ነው። እንግዲህ እዩት! አንዱ ከማወቅ፣ ሌላው ካለማወቅ ተነስተው እኛ አፍ ላይ አንድ ሆነዋል።

«ቃል ይለወጣል፣ ምን ችግር አለው?» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፤ ጓደኛውን ናይስ ያለ ሰው ተሳደበ አልልም። የኔ ነገር ጋዜጠኛው ላይ ነው። ያን ቀን እንጦጦ ላይ የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱ እናት አግኝቼ ነበር። «እናቴ፣ ላግዝዎት?» ስላቸው «ተወው ልጄ፣ አትችለውም» ብለውኝ አለፉ። ስንት ሰዓት እንደተነሱ፣ እንጨቱን የት እንደሚሸጡ፣ ስንት እንደሚያወጣላቸው አልጠየቅኩም። አየሩንና እይታውን እያደነቅሁ ነበራ! ጽሑፌ ውስጥም የሉም። እሳቸው መግባት በነበረባቸው ቦታ የገባችው «ናይስ» ናት።

ሳይጠይቁ የሚጽፏት ቅጽል አላዋቂነትን ትሸፍናለች ባይ ነኝ። ስለዚህ የሙያ ጓደኞቼ፣ ናይስ ብለን ከመጻፋችን በፊት እንጠይቅ። እኔም በሚቀጥለው ሳምንት ማለዳ ተነስቼ እንደገና እንጦጦ እወጣለሁ።